“ቀኑ ደርሶ ነው” ስንል የምንረሳቸው ምክንያቶች
የዳባትና የደባርቅ ሞት ስለ ኑሯችን ምን ያስተምረናል?

ለቅሶ ቤት ገብተን “ምን አገኛት? ምን አገኘው?” ብለን ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። “ውጋት ያዘው”፣ “ምች መታት”፣ “በወሊድ ሄደች”፣ “ቆላ ወርዶ በሽታ ይዞ ተመለሰ” ይባላል። ከዚያም ሁላችንንም የሚያስማማው ቃል ይከተላል፤ “ቀኑ ደርሶ ነው” እንባባላለን። ይህን ቃል ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። ሐዘንተኛን ያጽናናልና ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ይሁን እንጂ መጽናናት አንድ ነገር ነው፤ ማወቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ “በአንድ ወረዳ ውስጥ ከአስፋልቱ ዳር የተወለደው ሕፃን አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ከገደሉ ማዶ የተወለደው ለምን በሕፃንነቱ ተቀበረ?” ብለን ካልጠየቅን፣ በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ለቅሶ እንቀመጣለን።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ሰው የሚሞተው በበሽታ ነው፤ በሽታው የሚመርጠው ግን ማንን ነው? ለዚህ መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከጎንደር በስተሰሜን፣ በሰሜን ተራሮች ግርጌ ያሉት ዳባትና ደባርቅ በቂ ትምህርት ይሰጡናል። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት “ዓ.ም.” ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞት የሚቆጠርባት ወረዳ

ብዙዎቻችን ላናውቀው እንችላለን እንጂ ዳባት በአገራችን ሞት በጥንቃቄ ከሚቆጠርባቸው ጥቂት ወረዳዎች አንዷ ናት። የጎንደር ጤና ባለሙያዎች በ1996 በወረዳዋ 10 ቀበሌዎችን መርጠው ቤት ለቤት ቆጠራ አካሄዱ። በ2008 ቆጠራው እንደገና ተካሄደ። የቀበሌዎቹም ቁጥር በኋላ ወደ 13 ከፍ ብሏል። ከዚያ ወዲህ መረጃ ሰብሳቢዎች በየጊዜው እየተመላለሱ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን አገር ለቆ እንደሄደና ማን እንደሞተ ይመዘግባሉ።

ሞት ሲያጋጥም ደግሞ ሌላ ሥራ ይከተላል። በገጠር ብዙው ሰው የሚሞተው ሐኪም ሳያየው በቤቱ ነው። ስለዚህ መረጃ ሰብሳቢው የሐዘኑን ወራት ጠብቆ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፤ ሟቹ ምን እንዳመመው፣ ትኩሳት ወይም ሳል እንደነበረው፣ ስንት ቀን እንደተኛ፣ ሕክምና ሄዶ እንደሆነና እንዳልሆነ አንድ በአንድ ይጠይቃል። ሐኪሞች መልሱን አንብበው ለሞቱ ቅርብ የሆነውን ምክንያት ይለያሉ። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ነሐሴ 2008 ዓ.ም. እንደሆነ ለሚያስታውስ፣ የዳባት መዝገብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይገባዋል። ያልተቆጠረ ሞት በጀት አይያዝለትም፤ ተጠያቂም የለውም።

የጎንደር ሰዎች ወደ ዚህ ሥራ የገቡበት ታሪክ ራሱ አስተማሪ ነው። በ1953 ከጣና በስተሰሜን ባለችው በደምቢያ፣ በቆላ ድባ አካባቢ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሰው ፈጀ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ያሠለጥን የነበረው የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ነበር። ሦስቱ በአንድነት ገጠር ወርደው እንዲሠሩ ታስቦ ነበር። አሳቡ ግልጽ ነው፤ በሽተኛው ታክሞ ወደዚያው ወዳሳመመው ውሃና ወደዚያው ጎጆ ከተመለሰ ሕክምናው ግማሽ ሥራ ሆኖ ይቀራል። በ1958 ደግሞ ወባ በአገሪቱ ደጋማ ክፍሎች ተስፋፍቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳመመና 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ተገምቷል።

እንጀራ ነው ወይስ መድኃኒት?

ለመሆኑ የሕዝብን ዕድሜ የሚያረዝመው ምንድን ነው? በዚህ ጉዳይ ምሁራን ለረጅም ዘመን ተከራክረዋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ማክኩን፣ በእንግሊዝ አገር የሳንባ ነቀርሳ ሞት በብዛት የቀነሰው ፈዋሹ መድኃኒት ከመገኘቱ አስቀድሞ መሆኑን አሳየ። መድኃኒቱ ሥራ ላይ የዋለው በ1940ዎቹ መጨረሻ ሲሆን ሞቱ ግን ከመቶ ዓመት አስቀድሞ እየቀነሰ ነበር። ማክኩን “ምክንያቱ የምግብ መሻሻል ነው” አለ። በ1988 ሳይመን ሽሬተር የተባለው የታሪክ ምሁር ተነሥቶ “እንጀራ ብቻውን አይደለም፤ የየከተማው አስተዳደሮች ንጹሕ ውሃና የፍሳሽ መውረጃ በመሥራታቸው ነው” ሲል ተከራከረው።

አሜሪካዊው ሳሙኤል ፕሬስተን በ1975 የብዙ አገሮችን ገቢና ዕድሜ አነጻጽሮ ሌላ ቁም ነገር አወጣ። ድሃ አገር ገቢዋ ጥቂት ሲጨምር የሕዝቧ ዕድሜ በብዙ ይጨምራል፤ ሀብታም አገር ግን ገቢዋ ቢጨምርም ዕድሜው እምብዛም አይጨምርም። ከዚህም በላይ ገቢያቸው ያልተለወጠ አገሮች እንኳ ከቀድሞው የተሻለ ዕድሜ ማግኘታቸውን አየ። ዕውቀት፣ ክትባትና ንጽሕና ከገንዘቡ ተለይተው የየራሳቸው ሥራ ሠርተዋል ማለት ነው። ስሪላንካ ለዚህ ምስክር ናት። ገና ድሃ ሳለች የሕዝቧን አማካይ ዕድሜ ወደ 70 ዓመት አድርሳለች፤ ያደረሷትም ልጃገረዶችን ማስተማሯ፣ አዋላጆችን በየመንደሩ ማሰማራቷና ነፃ ሕክምና መስጠቷ ናቸው። ጆን ካልድዌልም በ1979 በናይጄሪያ ባደረገው ጥናት፣ ጤና ጣቢያው ለሁሉም እኩል ቅርብ ቢሆንም ያልተማረች እናት ልጆች ከተማረች እናት ልጆች ይበልጥ እንደሚሞቱ አሳይቷል። የተማረች እናት የልጇን ሕመም ቶሎ ትለያለች፤ የማንንም ፈቃድ ሳትጠብቅ ታሳክማለች፤ የተሰጣትን መመሪያም አንብባ ትፈጽማለች።

እንግዲህ “እንጀራ ነው ወይስ መድኃኒት?” የሚለው ጥያቄ ራሱ ጎደሎ ነው። እንጀራ፣ ውሃ፣ ትምህርት፣ መንገድና መድኃኒት አንዱ ሌላውን እየደገፈ የሚቆም ነገር ነው።

የአገራችን ቁጥር ምን ይላል?

ፍትሐዊ ለመሆን መጀመሪያ መልካሙን እንናገር። በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2005 ቁጥሩ 123፣ በ2011 88፣ በ2016 ደግሞ 67 ሆነ። ቀድሞ ከስድስት ሕፃናት አንዱ ይሞት ነበር፤ በ2016 ከአሥራ አምስቱ አንዱ ሆነ ማለት ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞችን አሰማርቷል፤ ከ30 ሺህ በላይ ወጣት ሴቶችም ሠልጥነዋል። ክትባት፣ አጎበር፣ መጸዳጃ ቤትና የቤተሰብ ምጣኔ በእነዚህ ልጆች እግር ገጠር ገብተዋል።

ይሁን እንጂ ቁጥሩን ጠለቅ ብሎ ለሚያይ ሌላ ነገር ይታየዋል። በ2000 ከ1000 ሕፃናት 49ኙ የሚሞቱት ገና 28 ቀን ሳይሞላቸው ነበር። በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 29 ወርዷል። ነገር ግን ከጠቅላላው የሕፃናት ሞት አንጻር ሲሰላ፣ ቀድሞ ከመቶ 30 ያህል የነበረው የጨቅላዎች ድርሻ ከመቶ ወደ 43 ከፍ ብሏል። ክትባት ኩፍኝን ይከላከላል፤ በምጥ የታፈነን ጨቅላ ግን አያድንም። ለእርሱ አዋላጅ፣ መንገድና ጊዜ ያስፈልጉታል። የቀሩት ሞቶች ለመቀነስ የሚያስቸግሩት ሞቶች ናቸው ማለት ነው።

የምግቡም ነገር እንዲሁ ነው። በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ ሕፃናት 38ቱ የቀነጨሩ ሲሆኑ፣ በአማራ ክልል ግን ቁጥሩ 46 ነበር፤ ይህም ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ጤፍና ስንዴ የሚያመርት ክልል በልጆች መቀንጨር ቀዳሚ ሲሆን “ለምን?” ብሎ መጠየቅ የግድ ይላል። እህሉ ለገበያ ይወጣል፤ እንቁላሉና ቅቤው ይሸጣል፤ ለሕፃኑ የሚቀረው በአብዛኛው ከአንድ ዓይነት እህል የተሠራ ምግብ ነው። የቀነጨረ ሕፃን ደግሞ ሌላው የሚሻገረው ተቅማጥና የሳንባ ምች ይገድለዋል። በለቅሶው ቤት የሚነገረው “ውጋት ያዘው” ነው፤ ከውጋቱ በስተኋላ የቆመውን የሁለት ዓመት ረሀብ ግን ማንም አያነሣውም።

መሬቱ ሲያልቅ

ከደባርቅ ወደ ላይ ወጥቶ የሰሜን ተራሮችን ያየ ሰው፣ ገደል አፋፍ ድረስ የታረሰውን ገብስ ተመልክቶ መደነቁ አይቀርም። በ1970ዎቹ በዚያው አካባቢ ያጠናው ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ አፈሩ በምን ያህል ፍጥነት እየታጠበ እንደሚሄድ መዝግቧል። ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ በ2017 ከዝርዝሩ ወጣ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል ግን ሊዘነጋ የማይገባው ነገር ተፈጽሟል። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ሙስሊሞች የነበሩት የግጭ መንደር፣ ከ400 በላይ አባወራዎች ያሉባት፣ በ2016 ከፓርኩ ተነሥታ ሕዝቡ ወደ ደባርቅ ከተማ ወረደ። ዋልያው ፋታ አገኘ፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ገብስ በማረስና በግ በማርባት የኖረ አባወራ ከተማ ሲገባ፣ ለሐኪም ቤት ቢቀርብም ከመሬቱ ይርቃል። ስለዚህ “ጤናው ተሻለ ወይስ ባሰ?” የሚለው የሚወሰነው በተሰጠው ቤት ብቻ ሳይሆን በሚያገኘው ሥራም ነው።

መሬት ያነሰው ወጣት ሁሉ ሌላ መንገድ አለው፤ እርሱም ወደ ቆላ መውረድ ነው። በየዓመቱ አያሌ ወጣቶች ከዳባት፣ ከደባርቅና ከሌሎችም ደጋ ወረዳዎች ተነሥተው ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳሉ። ቀን በፀሐይ ይሠራሉ፤ ማታ ሜዳ ላይ ወይም ግራር ሥር ያድራሉ። በተሰነጣጠቀው ዋልካ አፈርና በግራሩ ሥር የምትኖረው ትንሿ የአሸዋ ዝንብ ካላ-አዛር የተባለውን በሽታ ታስተላልፋቸዋለች። በሽታው ለወራት ያተኩሳል፤ ያከሳል፤ ጣፊያን ያሳብጣል። ካልታከመ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። ደጋ የተመለሰው ወጣት ግን ብዙ ጊዜ “ወባ ነው” እየተባለ ይሰነብታል።

ይህ ስሕተት ምን ሊያስከትል እንደሚችል በሊቦ ከምከም ታይቷል። በ2004 እና በ2005 በዚያ ወረዳ ብዙ ሰው በትኩሳት ሲሞት በመጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። በመጨረሻ በሽታው ካላ-አዛር ሆኖ ተገኘ። ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያውቁት ይዘውት እንደመጡ ይታመናል። እንግዲህ የዚህ ሞት ምክንያት ምንድን ነው? ሐኪሙ “ጥገኛ ተሐዋስያን” ይላል፤ ልክ ነው። ኢኮኖሚስቱ ደግሞ “የመሬት ጥበት” ይላል፤ እርሱም ልክ ነው። አጎበር ያልሰጠው አሠሪም የድርሻውን ይወስዳል።

የጨው ነገር

ሰዎች “የፖለቲካ ጉዳይ ከጤና ጋር ምን አገናኘው?” ሲሉ እንሰማለን። መልሱ በየቤታችን በጨው ዕቃ ውስጥ ይገኛል። በደጋው አገር እንቅርት የተለመደ ነው። ምክንያቱም ዝናብ ያጠበው አፈር አዮዲን ስለሌለው ነው። እንቅርቱ የሚታየው ጉዳት ነው፤ የማይታየው ግን ይብሳል። አዮዲን ያጣች ነፍሰ ጡር ልጇ ሊሞትባት ወይም አእምሮው ሳይጎለብት ሊወለድ ይችላል።

መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ይበቃል። ነገር ግን በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ በቀይ ባሕር በኩል የሚመጣው ጨው ተቋረጠ። ገበያው ወደ አፋር ጨው ዞረ፤ እርሱም አብዛኛው አዮዲን አልነበረውም። በ2011 በተደረገው ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀመው ቤተሰብ ከመቶ 15 ያህል ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ፤ በ2016 ቁጥሩ ከመቶ 89 ደረሰ። በአምስት ዓመት ውስጥ የገበሬው ገቢ ያን ያህል አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሕጉ ነው። ጦርነቱ ሲነሣም ሆነ ደንቡ ሲወጣ የዳባት እናት አልተጠየቀችም፤ ልጇ ግን በሁለቱም ተነክቷል።

ሦስቱ መዘግየቶች

በ1994 ታዴየስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች ወላድ እናት የምትሞተው በሦስት መዘግየቶች እንደሆነ ጻፉ። የመጀመሪያው ለመሄድ በመወሰን፣ ሁለተኛው በመንገድ፣ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ሕክምና በማግኘት የሚደርስ መዘግየት ነው። ይህን በሰሜን ግርጌ ላይ አስቀምጠን እናስበው። ምጥ ሁለት ቀን የቆየባት ወጣት አለች። ባልዋ ገበያ ወርዷል፤ አማትዋ “እኛም እቤት ነው የወለድነው” ይላሉ። ይህ አንዱ ነው። ከዚያ የቃሬዛ ማኅበሩ ይጠራል፤ ጎረምሶች እየተፈራረቁ ተሸክመው ገደሉን ወርደው ይወጣሉ። ይህ ሁለተኛው ነው። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ደም ያስፈልጋል፤ ወይም ባለሙያው የለም፤ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ይላካሉ። ይህ ሦስተኛው ነው። ሞቱ ሲመዘገብ “ደም በመፍሰስ” ይባላል፤ ነገር ግን ልጅቷን በአሥራ አምስት ዓመቷ የዳረው፣ መንገዱን ያልሠራውና ባለሙያውን ያላቆየው ሁሉ በዚያ መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

በዚህም በኩል ለውጥ የለም አንልም። በ2000 ከመቶ ወላዶች በጤና ተቋም የምትወልደው 5 ብቻ ነበረች፤ በ2016 ቁጥሩ 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ደርሷል። የእናቶች ማቆያ ቤቶች ከመንገድ ርቀው ለሚኖሩት መላ ሆነዋል። የገበሬው የቃሬዛ ማኅበርም ማንም ሳያስተምረው ያቋቋመው ነውና ሊከበርና ሊደገፍ ይገባዋል።

የተገነባው ሲፈርስ

በአንድ ትውልድ የተገኘ ጤና በአንድ ክረምት ሊጠፋ ይችላል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ደርሶ፣ በጭና ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። ጦርነት የሚገድለው በጥይት ብቻ አይደለም። ጤና ኬላ ይዘረፋል፤ ክትባት ይቋረጣል፤ ጥማድ በሬው ይታረዳል፤ ዘር ሳይዘራ ጊዜው ያልፋል። በ2023 ደግሞ በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ድርቅ ገባ። አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ 1973ቱ የወሎ ረሀብ ያስተማረን እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ያኔ በአገሪቱ እህል ጨርሶ አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው የወሎ ገበሬ እህል መግዣ አቅም ነበር። እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ ሌላ ቦታ ይጫን ነበር። በሰሜን ቆላዎችም ድርቁ ሰማይ የሚያመጣው ነው፤ ድርቁን ወደ ሞት የሚለውጠው ግን የመንገድ መዘጋት፣ የከብት ዋጋ መውደቅና የእርዳታ መዘግየት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። ኑሮ ሲለወጥ ሞትም መልኩን ይለውጣል። ከጎንደርና ከሰሜን አካባቢ ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ የስኳር ሕመም እምብዛም አያውቃቸውም ነበር፤ በዚያ በቆዩ ቁጥር ግን በሽታው በመካከላቸው በርክቷል። ደማቸው ያው ነው፤ ማዕዳቸውና ሥራቸው ግን ተለውጧል። አሜሪካም ከ2014 እስከ 2017 ባለው ጊዜ የሕዝቧ አማካይ ዕድሜ ወደ ታች ወርዷል፤ መጠጥ፣ አደንዛዥ መድኃኒትና ራስን ማጥፋት ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። ደባርቅና ዳባት ከተማ እየሆኑ ሲሄዱ ደም ግፊትና ስኳር ወደ እነርሱም ይመጣሉና ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሴት ልጅን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ መዳር የወደፊት የልጅ ልጅን አደጋ ላይ መጣል መሆኑን በየመስጊዱም በየቤተ ክርስቲያኑም በግልጽ እንናገር። ሁለተኛ፣ ወደ ቆላ ለሚወርደው ወጣት አሠሪው መጠለያና አጎበር እንዲያዘጋጅ ይገደድ። ወጣቱም ሲመለስ ሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት ካለው “ሁመራ ነበርኩ” ብሎ ለሐኪሙ ይንገር፤ ይህች አንዲት ቃል ሕይወት ታድናለች። ሦስተኛ፣ በ2011 በክልሉ በደቡብ አቸፈር፣ በፎገራና በተሁለደሬ በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለድሃው ትርጉም የሚኖረው ካርዱን ይዞ ሲሄድ መድኃኒት ሲያገኝ ነውና፣ አባል ስንሆን መዋጮውን ብቻ ሳይሆን አገልግሎቱንም እንጠይቅ። አራተኛ፣ የዳባት መዝገብ በምሁራን መጽሔት ብቻ እንዳይቀር። የወረዳው ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ያለፈው ዓመት ሟቾች ቁጥርና ምክንያት ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። መንገዱ በየትኛው ቀበሌ መጀመር እንዳለበት ሟቾቹ ይነግሩናል።

ሞት የማይቀር መሆኑን ሁላችንም እናምናለን። ነገር ግን የአምስት ዓመቱ ልጅ በተቅማጥ፣ የሃያ ዓመቷ እናት በምጥ፣ የሃያ አምስት ዓመቱ ጎረምሳ በሰሊጥ እርሻ ትኩሳት የሚሞቱት የማይቀር ሆኖ አይደለም። እነዚህን ሌላው አካባቢ አስቀርቷቸዋል፤ እኛም ጀምረን አይተነዋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ለቅሶ “ቀኑ ደርሶ ነው” ብለን ካጽናናን በኋላ፣ ወደ ቤታችን ስንመለስ “እኛስ ያላደረግነው ምን ነበር?” ብለን እንጠይቅ።